እማማን ያሸከምኳቸው ጨርቅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ቁጣዬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ በጾም ሳላውቅ ወተት ያለበት ብስኩት መብላቴን እንኳ ነግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ። ይህን ግን ዘለልኩት። እየዘለልኩ ቆረብኩ። ለማላውቃችሁ ለእናንተ የምጽፈው ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

እማማ ዘነበች ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ከምኖርበት ቤት ስር፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው፣ ብቻቸውን በአውቶቡስ ከተማው ማዶ ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ድረስ ሄደው በርበሬ መርጠው የሚመለሱ ሴት። ደረጃው ላይ ልደግፋቸው ስል፣ "ተይኝ እስቲ! ይልቅ አንቺ ራስሽ እንዳትንከባለዪ" ይሉኝ ነበር።

ከመሬት ሬዶን የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጎጂ ጋዝ ይወጣል ተባለና፣ የቤቱ ባለቤት ከወለሉ ስር አየር ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን አስገጠመ። ክፍሉ በእንጨት ምድጃ ስለሚሞቅ ሠራተኛው ግድግዳው ላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ከፈተ። ክብሪት ለኩሶ አጠገቡ ያዘ፤ ነበልባሉ ወደ ክፍሉ አጎነበሰ። ፋኑ የሚስበውን አየር ቤቱ በዚህ ካልተካ በጭስ ማውጫው ይስባል፣ ጭሱም ተመልሶ ይገባል፣ በፍጹም እንዳይዘጋ አለኝ። ገባኝ። አልገባኝም ብል ውሸት ነው።

እኔ ግን የምፈራው ብርድ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ሲከፈት የምንጮህ ሰዎች አይደለን? ቀዳዳው ደግሞ ከአልጋቸው ራስጌ ነበር። አንድ ቀን እማማ ልብስ ሊያጥቡ ወደ ላይ ሲወጡ አሮጌ ሻርፕ ጠቅልዬ ወተፍኩበት፤ መጋረጃውን መለስኩበት። አልጠየቅኋቸውም፣ አልነገርኳቸውም።

በሦስተኛው ቀን "ልጄ፣ ራሴን ያዞረኛል፤ ክፍሉም ጭስ ጭስ ይለኛል" አሉኝ።

"ጾሙ ነው እማማ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድዎን እየቆዩ! ጠበል ይጠጡበት።"

ጠበል! የወተፍኩትን እያወቅኩ ጠበል አዘዝኩ። በእግዚአብሔር ስም ዝም አሰኘኋቸው።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ እማማ ክፍል የተሰቀለው የመርዛማ ጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮሃል። ምድጃው አጠገብ ወድቀው አገኘኋቸው። ጎትቼ አወጣኋቸው፣ አምቡላንስ ጠራሁ፤ ተረፉ። እስከዚህ ያለውን ስህተት ልትሉልኝ ትችሉ ይሆናል። የሚቀጥለውን ምን ትሉታላችሁ?

ከአምቡላንሱ ጋር የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሻርፑን አውጥቶ ማን እንደወተፈው ጠየቀኝ። በቤተ ክርስቲያን "ጥንቁቋ" የምባለው እኔ፣ የሰው አዛውንት ተንከባክቤ የምኖረው እኔ፣ "እኔ እንጃ፤ እሳቸው አርጅተዋል፣ ይረሳሉ" አልኩ። ይረሳሉ! አንዲት ቃል ናት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ሣራ ያቺን "ይረሳሉ" የምትል ቃል ከእኔ ወሰደች። "አክስቴ፣ ሴፍ አይደለም በቃ። ማሚ ብቻዋን መኖር አትችልም። ኬር ሆም አፕላይ አድርጌያለሁ" አለችኝ። እኔም "ልክ ነሽ" አልኩ። ልብሳቸውን ያጣጠፍኩት እኔ ነኝ። "ደህና ነኝ እኮ፣ ምን አጠፋሁ?" እያሉ ሲከተሉኝ ሻንጣውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አሁን ባተርሲ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው። በሩ በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ ቁጥሩን አልነገሯቸውም። አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው የለም። መጀመሪያ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው፣ "ያን ጨርቅ መወተፌን ጭራሽ አላስታውስም። ቤትሽ ውስጥ ጉድ ላፈላብሽ ነበር። ይቅር በይኝ ልጄ" አሉኝ።

ምን አልኩ? "እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ" አልኩ። ይቅርታ ሰጪ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ሻያቸውንም ጠጣሁ።

ባለፈው ደግሞ ደስ ብሏቸው ቆዩኝ። ካህኑ መጥተውላቸው ነበር፤ ጨርቁን ተናዘዋል። ጉልበታቸው ስግደት ስለማይችል በየማለዳው አርባ አንድ እግዚኦ እንዲሉ ታዘዋል። "ቀለለኝ" አሉኝ። የእኔን ኃጢአት ተናዘው፣ የእኔን ቀኖና እየፈጸሙ፣ ቀለለኝ አሉኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ አልተናገርኩም። ስማቸውን፣ ደጃፋቸውን፣ በገዛ ልባቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ወስጄባቸው፣ ብርቱካን ልጬ አጎረስኳቸው።

ብርድ ፈርቼላቸው ነው አልልም። ለሣራ እስክደውል፣ ፊታቸው ቆሜ "እኔ ነኝ" እስክል ድረስ፣ እናንተም ይቅር አትበሉኝ። ነገ ማለዳም አርባ አንዱን እሳቸው ናቸው የሚሉት።