አጎቴ በአመድ ያሰመሩት ግቢ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ግቢዬን ባየሁ ቁጥር ያ ልማዳቸው ነው የሚመጣብኝ። የምድር ባቡር ቤቶችን አትክልት ሲንከባከቡ ነው ያረጁት። የሰው ግቢ ሊያለሙ ሲጠሩ፣ አካፋ ከማንሳታቸው በፊት ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥላው የደረሰበትን በአመድ ያሰምራሉ። ከዚያ ባለቤቲቱን ባልዲ ውሃ ያስደፏታል፤ ውሃው የሄደበትንም ያሰምራሉ። "ሰው ቤት ገብቶ ሳይጠይቅ የሚቀመጥ አለ?" ይሉ ነበር።

የእኔ ግቢ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። በክረምት ጎርፉ በአጥሩ ስር ገብቶ ልጆቼ የሚተኙበት ድረስ ይደርሳል። ባሌ ዘምቷልና አጎቴን ለመንኳቸው። መጥተው ሲያሰምሩ የቀበሌው ጥበቃ በበሩ ብቅ አለ።

"አቦ አባባ፣ መሬት የሚለካው መንግሥት ነው!"

"መሬቱን ለእናንተ ትቼ ጥላውን ነው የምለካው።"

ጥበቃው ሳቀ። እኔ ግን ፈርቼ "አጎቴ፣ ይተዉት" አልኳቸው።

"አይዞሽ ልጄ። ቦዩ የት እንደሚቆፈር፣ ዘይቱናው የት እንደሚተከል ነገ አሳይሻለሁ።"

በማግስቱ ቤታቸው ብሄድ ተገንዘው አገኘኋቸው።

አሁን ሰማዩ ጠቁሯል። ከመስመሮቹ የትኛው የጥላ፣ የትኛው የውሃ እንደሆነ ተደባልቆብኛል። እንዳስደፉኝ ባልዲ ውሃ ደፋሁ፤ አሸዋው ውስጥ ሰረገ እንጂ ምንም አላየሁበትም። ዛሬ የቀጠርኩት ቆፋሪ መሃል ግቢ ቆሞ "እትዬ፣ የቱ ጋ ልጀምር?" አለኝ። የቀኑን ከፍዬ ሸኘሁት። ከዚያ የልጆቼን ፍራሽ ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ዝናቡን መጠበቅ ጀመርኩ።