ለመምህሩ የተውነው ቦታ

የያዙኝ ዐረብ አገር፣ ጂዛን፣ ሀሩብ ተራራ ላይ ነው፣ ከከፊሌ በጎች ጋር። ከፊል ማለት አሠሪ ነው፤ እዚያ አገር ከፊል የሌለው ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም። ወረቀት የሌለውን የሚለቅሙት የጀዋዛት ፖሊሶች መኪና ከታች ሲመጣ ወጣቶቹ እንደ ቆቅ ተበተኑ። እኔ አልሮጥኩም። ጉልበቴም እምቢ ብሎኛል፣ በጎቹም ገደል አፋፍ ላይ ነበሩ።

«ኢቃማ!» አለኝ አንዱ ዐስከር፣ ወታደሩ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቱ ነው።

«የለኝም።»

«ታዲያ ለምን አልሮጥክም?»

«በጎቹን ማን ይጠብቅ?»

ሳቀና እጄን በፕላስቲክ ገመድ አሰረኝ። በጎቹን ዞሬ እንዳያቸው እንኳ አልፈቀደም።

ያስገቡን ቆላው ውስጥ፣ ወደ አል-ሙወሰም በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ ሽንት፣ በረኪና። ቀጥሎ ያየሁት ዓይን ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዓይን ብቻ። እግሬን የማሳርፍበት አጥቼ ስቆም አንድ ቀጭን ሰው ጉልበቱን ሰበሰበና «አባ፣ እዚች ጋር ይግቡ» አለኝ። ደሴ አጠገብ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው በየመን በኩል መጣ። ሁላችንም መምህሩ እንለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ሰው መናገር ያቅተዋል፤ ዝም ሲል ደግሞ ሐሳብ ይበላዋል። መምህሩ ይህን አይቶ በየቀኑ አንድ የእንግሊዝ ቃል ያስተምረን ጀመር፤ በአፍ፣ ያለ ሰሌዳ። አንድ ቀን ያመጣው ቃል «ጋፕ» ነው።

«ጋፕ ማለት ክፍተት ነው» አለ። የፊት ጥርሱን አሳየን። «ይሄ ጋፕ ነው። የበሩ ሥር፣ ያ ብርሃን የሚገባበት፣ ያም ጋፕ ነው። ሁለት ተራራ መሃል ያለው መሻገሪያ ጋፕ ነው። ሥራ ፈትተህ የተቀመጥክበት ጊዜ ጋፕ ነው። ሹም የሚናገረውና የሚሠራው አልገናኝ ሲልም ጋፕ አለ ይባላል።»

እኔን አልዋጥልህ አለኝ።

«የጥርሱ ፍንጭት ነው» አልኩ። «የበሩ ሽንቁር ነው። የተራራው በር ነው። የጊዜው ፋታ ነው። የሹሙ ቅጥፈት ነው። ለአምስቱም አንድ ቃል? እንግሊዝ እንዲህ ድሃ ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ድሃስ ድሃ ነው፣ አባ» አለ መምህሩ። «ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጋፕ ብቻውን አይኖርም። ግራና ቀኙ ጥርስ ከሌለ ፍንጭት አይባልም፤ ድድ ነው።»

«እንደ እኔ አፍ በለዋ!» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ መጫወቻ ሆነ። መኝታ ሲጠብ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጋፕ» ይባላል። አንድ የባቲ ግመል ጠባቂ አብሮን ነበር፤ ቁመቱ ረዥም፣ ሆዱ የማይጠግብ። ቂጣ በዘገየ ቁጥር ሆዱን እየመታ «እዚህ ውስጥ ግመል የሚያሳልፍ ጋፕ አለ» ይል ነበር።

ቆጠራው ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በፊት ነው። አምስት አምስት ሆነን ተሰልፈን ቁጢጥ እንላለን። የአዳራሹ ዐስከር ራስ አይቆጥርም፤ ሰልፍ ነው የሚቆጥረው። ሲስማማለት ቂጣና ውሃ ይገባል። የዚህ አቆጣጠር ክፋቱ፣ ሰው ተወስዶ ሲቀር ሰልፉ ይጠጋጋል፣ ከኋላ ያለው ወደ ፊት ይመጣል፣ አለቀ። እኔ ከመግባቴ በፊት አንድ የራያ ሰው እንዲያ ተወስዶ ነበር አሉ። ሰልፉ ተጠጋጋ። የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ወሬውም ጠፋ።

አንድ ጠዋት ከመካከላችን ትኩሳት የያዘው ሰው ይቃዥ ጀመር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። መምህሩ ተነሥቶ በሩን ደበደበ። «ውሃ! ዱክቶር!» አለ በዐረብኛ። ደጋገመው። በሩ ተከፈተ።

«ማነው የሚደበድበው?»

ማንም አልጠቆመም። እሱ ራሱ «እኔ ነኝ» አለ። ክንዱን ይዘው አወጡት።

ቆጠራ ደረሰ። የመምህሩ ቦታ በእኔና በባቲው መሃል ነው። ከኋላችን ያለው ሰው እንደ ልማዱ ሊገባበት ሲንፏቀቅ በመዳፌ ገታሁት።

«ተው። ባለቤት አለው።»

«አባ፣ ሰልፉ ካልሞላ ቂጣ የለም እኮ» አለ የባቲው።

«አይኑር።»

«ለእርስዎማ ምን አለበት፣ ጥርስ የለዎት!»

«አንተም ጥርስህን አሳርፈው። ይቺን ቦታ ከዘጋናት መምህሩ እዚህ ቤት አልነበረም ማለት ነው። እንደ ራያው ሰው።»

የባቲው ሊጠጋ ጀምሮ ነበር፤ ወደ ነበረበት ተመለሰ። «እሺ። ግን ሆዴን እርስዎ ያነጋግሩልኝ።»

ዐስከሩ በጣቱ እየቆጠረ መጥቶ እኛ ጋር ሲደርስ ቆመ።

«ተጠጉ!»

ማንም አልተነቃነቀም።

«ያ ሻይብ፣ ተጠጋ!» ሻይብ ሽማግሌ ማለት ነው።

«የሰው ቦታ ነው» አልኩት።

ቆጠራውን ትቶ ወጣ። ቂጣውም ውሃውም ደጅ ቀረ። በየጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ጠብታ ሰበሰብንና ለትኩሳታሙ አጠጣነው። ሌላው ምራቁን ዋጠ።

ዙህር ሲደርስ ለሶላት ቆምን። ለማያውቅ ልንገር፤ በሶላት ሶፍ፣ በሰልፉ ማለቴ ነው፣ ክፍተት አይተውም። ትከሻ ለትከሻ፣ እግር ለእግር ይገጠማል። በክፍተቱ ሸይጣን ይገባል ይባላል። ገጠምን። የመምህሩን ቦታ የባቲው ትከሻ ሞላው። ሶላቱ ሲያልቅ ተመልሰን ቁጢጥ አልን፤ ቦታዋንም መልሰን ከፈትናት።

ዐስከሩ በሩ ላይ ባለች መስኮት ያየን ኖሯል። ዱላ ይዞ ገባ።

«ለሶላት ሲሆን ትገጥማላችሁ፣ ለእኔ ሲሆን ትከፍታላችሁ? ለሸይጣን ነው ቦታ የያዝክለት፣ ያ ሻይብ?»

ዐረብኛዬ የበግ እረኛ ዐረብኛ ነው። ያን ቀን ግን አልከዳኝም።

«የሶላቱ ሶፍ ለአላህ ነው» አልኩት። «አላህ ማን እንደ ጎደለ ያውቃል፤ ማሳየት አያስፈልገውም። አንተ አታውቅም። ስለዚህ ላንተ እናሳይሃለን።»

ዱላዋ ትከሻዬ ላይ አረፈች። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ከዚያ ወደ ኋላ ሰልፍ ዞሮ አንዱን «አንተ፣ ግባበት!» አለው። ሰውየው መሬት መሬቱን አየ። ሌላውን አዘዘ። ያም መሬት መሬቱን አየ። ዐስከሩ ቆሞ ቆሞ ወጣ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ትከሻው ላይ ኮከብ ያለው አለቃ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ባዶዋን ቦታ አየ፣ ዐስከሩን አየ፣ አጭር ነገር ተናግሮ ሄደ። ከአሱር ሶላት በኋላ መምህሩን አመጡት። አንድ ጆሮው አብጧል፤ የሸሚዙ ቁልፎች የሉም።

«ያላ! ያላ! ተቀመጥ!» ይለዋል ዐስከሩ።

አልተቀመጠም። ከጥግ ጀምሮ የሁሉንም እጅ እየጨበጠ፣ እንዴት ዋላችሁ እያለ ዞረ፤ ከገበያ እንደ ተመለሰ ሰው። የትኩሳታሙን ግንባር ዳሰሰ። ዐስከሩ ቂጣውን ታቅፎ እስኪጨርስ ጠበቀው። መጨረሻ እኔ ጋር ደረሰ።

«አባ፣ ትከሻዎን ምን ሆኑ?»

«የቦታህ ኪራይ ነው» አልኩት። «በል ተቀመጥ፣ ይሄ የባቲ ሰው ሳይበላን።»

በማግስቱ ትኩሳታሙን በቃሬዛ አወጡት። ቆጠራ ሲደርስ እኔ ትንፍሽ አላልኩም። የኋላ ሰልፍ ያሉት ራሳቸው የእሱን ቦታ ክፍት ትተው ቁጢጥ አሉ። ዐስከሩ እየቆጠረ መጣና እዚያ ሲደርስ ቆመ። ተጠጉ አላለም።

«ሙስተሽፋ ነው» አለ፤ ሆስፒታል ማለቱ ነው። «ጂዛን፣ ሙስተሽፋ። ኸላስ?»

«ኸላስ፣ በቃ» አልን። ያኔ ተጠጋን።

እኔ እስክወጣ ድረስ ሰው በወሰዱ ቁጥር የት እንደ ወሰዱት እየነገረን ነው የቆጠረን። ከአለቃው ትእዛዝ ይምጣ ከራሱ፣ አላውቅም። አልጠየቅሁትም።

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። መምህሩ በሌላ ጉዞ ተመልሷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አልተገናኘንም። ከመንደራችን ባሕሩን ተሻግረው ድምፃቸው የጠፋ ወጣቶች አሉ። ሠርግ ይሁን ሰደቃ፣ ዱዓ ያድርጉልን ሲሉኝ የእያንዳንዳቸውን ስም ከነአባታቸው እጠራለሁ። የሚቆጡኝ አሉ። «አባ፣ የደስታ ቀን ነው፣ እንባ አያምጡብን» ይላሉ። እናቶቹ ግን አሚን ሲሉ ድምፃቸው ከሁሉም ይበልጣል። የት እንደ ገቡ መጥቶ የሚነግረን እስኪገኝ እጠራለሁ። የሚቆጣ ይቆጣ።