የተከረከሙት ካርዶች

ፀጉር አስተካካዩ አቶ ሌስተር ፕሮሃስካ በፔንስልቬኒያዋ የብረት ፋብሪካ ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ማጅራት ሲያሳምሩ ኖረዋል። እጃቸው ዝርክርክ ነገር አይወድም። ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ ከማስቲካ ጋር ይሸጡ የነበሩትን የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርዶች ሰብስበዋል። ጓደኞቻቸው ካርዱን የብስክሌት ጎማ ሽቦ ላይ እየሰኩ ሲያንጣጡት፣ እሳቸው በጫማ ካርቶን ደርድረው ያስቀምጡ ነበር።

አንድ ካርድ ብቻ ጎድሏቸዋል፤ የኳስ ወርዋሪው የዱች ሃላም። ሃላም የዚያችው ከተማ ልጅ ነበር። አቶ ሌስተር ልጅ ሳሉ አባታቸው ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው፣ እንቅልፋቸውን ትተው፣ ሲወረውር ሊያሳዩዋቸው ወስደዋቸዋል። አባትና ልጅ አብረው ያዩት ጨዋታ ያ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በተከፈተው የሰብሳቢዎች ገበያ፣ ያንን ካርድ ከሻጮቹ አንዱ በሆነው በወጣቱ ኤመት ጠረጴዛ ላይ አገኙት። ለኤመት የመጀመሪያ ፀጉሩን የቆረጡለት እሳቸው ናቸው።

«አምስት ካርድ ይስጡኝና ይውሰዱት፣ ጋሼ» አለ ኤመት። «የእርስዎን ካርድ የሚያህል የት ይገኛል!»

አምስቱን ዘረጉለት። ማዕዘናቸው እንደ ምላጭ የሰላ ነው። ኤመት ፈገግ እያለ አንዱን አንስቶ በራሱ ካርድ ላይ ደረበው። ካርዶቹ ሲታተሙ ሁሉም እኩል ነበሩ፤ አሁን ግን ከሥር ያለው የኤመት ካርድ በክር ስፋት ያህል ተርፎ ታየ። ፈገግታው ጠፋ። ሁለተኛውን ደረበ፤ ሦስተኛውን።

«ጋሼ፣ እነዚህን ማን ቆረጣቸው?»

«እኔ ነኛ! ጫፋቸው ሲላላጥ እከረክማቸዋለሁ። በደህናው መቀሴ ነው ደግሞ። ምነው?»

ከጎን ጠረጴዛ የምትሸጠው ወይዘሮ ኦልጋ ሰምታ ኖሮ፣ «አያችሁልኝ! ካርዱም ፀጉር መስሏቸው፣ መልሶ ይበቅላል ብለው ነው!» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ከሰመ። በሰብሳቢ ዘንድ የተቆረጠ ካርድ ዋጋ የለውም፤ የሚቆርጠውም አጭበርባሪ ነው፤ አሮጌውን አዲስ አስመስሎ ሰው የሚያታልል።

አቶ ሌስተር ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሁሉንም?» አለ ኤመት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሁሉንም። አንድም አልቀረኝ።» የገዛ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላቸው። «እየተንከባከብኳቸው መስሎኝ…»

ኤመት ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ሃላምን አንስቶ እጃቸው ላይ አኖረው። «እኔ እርስዎን አውቃለሁ። እንዲሁ ይውሰዱት።»

ካርዱ ጫፉ ተላልጧል፤ አንድ ማዕዘኑም ታጥፏል። አቶ ሌስተር የወርዋሪውን ፊት ትክ ብለው እያዩ፣ አውራ ጣታቸው የተላላጠውን ጫፍ ይዳብስ ጀመር። ቀኝ እጃቸው ደግሞ ሳያዝዙት ወደ ደረት ኪሳቸው፣ ወደ መቀሱ፣ ሄደ። እጃቸውን ሲያዩት ክው አሉ። የቅድሙ ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

«እንካ! ያዘው!»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰጠሁዎት እኮ…»

«ያዘው አልኩህ! አንተ ጋ ይቀመጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አየዋለሁ።» ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ሥር ወሸቁ። «ብለምንህም እንዳታስነካኝ።»