ከሰባተኛ ክፍል የቀረ ጥያቄ

ፓራቦላ የሚባለውን ነገር ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ አግኝቼው አላውቅም። ሶዶ ተወልጄ ሶዶ አድጌያለሁ፤ በዴሳ በሚኒባስ፣ ዲምቱ በሞተር ተመላልሻለሁ፤ አንድም ሰው አስቁሞ "እባክህ የዚህን ፓራቦላ ጫፍ ፈልግልኝ" ብሎኝ አያውቅም። ካገኛችሁት ሰላም በሉልኝ።

ይህን ንግግሬን ጓደኞቼ በቃላቸው ያውቁታል። ከሥራ ወጥተን ሻይ ቤት ስንቀመጥ አንዱ "ጀምር እንግዲህ" ይለኛል፤ እኔም እጀምራለሁ። የመሬት ንጣፎችን ሸመደድኩ፣ የማላውቃቸውን ወንዞች ርዝመት ሸመደድኩ፣ የአሜባን ሥዕል ሣልኩ። ግብር እንዴት እንደሚከፈል፣ ቤት ሲከራዩ ምን እንደሚጠየቅ፣ የሰው ልጅ እንዴት ለትዳር እንደሚጠየቅ ግን ያስተማረኝ የለም። የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይላል። በዚያ ሰሞን የማገባት ልጅ አግኝቼ ነበር፤ አባቷ ደግሞ የሰባተኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪዬ ነበሩ።

እስቲ አስቡት፤ ሶዶ ውስጥ ስንት አባት አለ። ነጋዴ አለ፣ ሹፌር አለ፣ የቢሮ ሰው አለ። የእኔ ዕጣ እኚህ ሆኑ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከተማው ግን ዛሬም "ቲቸር" ነው የሚላቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ተማሪዎቻቸውን በስም አያስታውሱም፤ የሚያስታውሱት በመልሳቸው ነው። ገበያ መሃል ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አስቁመው "አንተ፣ ልብን በሆድ ውስጥ የሣልከው፣ ደህና ነህ?" ይላሉ። እኔን ሲያገኙኝ "እንዴት ነህ፣ አስቂኙ?" ነው የሚሉኝ። በቃል ፈተናቸው ላይ አንድ መልስ ሰጥቼ ክፍሉን በሳቅ ገድዬዋለሁ። ምን ብዬ እንደሆነ ረስቼዋለሁ። መውደቄን ግን አልረሳሁም።

ልጃቸው ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እኔ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የተዋወቅነውም የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ነው። ሠርቼው ስጨርስ በማግስቱ እንደገና ተበላሸ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ገመዱን ራሷ ነቅላ እንደጠራችኝ ደረስኩበት። ከዚያ በኋላ እሷን ትቼ ሌላ ማሰብ አልተቻለኝም።

የካቲት ላይ ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴ አለ፣ ዕድሜውን በሙሉ የጭነት መኪና የነዳ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አሉ፣ ገበያ ውስጥ በጨርቅ ንግድ ያረጁ። ሦስተኛው የቢሮ አለቃዬ ነው፤ ከሰሜን ተዛውሮ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። አፋቸው ማር የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ አፈር የነካ ግን አንድም የለባቸውም። ያን ቀን ይህ ነገር ቁም ነገር ይሆናል ብሎ ማን አሰበ?

እኔ እናቴ ቤት ሆኜ ስጠብቃቸው በር ላይ ስንት ጊዜ እንደወጣሁ አላውቅም። የመጣው ባጃጅ ሁሉ የእነሱ ይመስለኛል። በመጨረሻ ሲመጡ ፊታቸው ጥሩ ዜና አልያዘም። አጎቴ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዞ ገብቶ መሬት ላይ ቁጭ አደረገው።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"ምን ይላሉ?" አለ አጎቴ። "ሁሉንም ሰሙን። ምሳ አበሉን። ከዚያ ወደ ጓሮ ገብተው ይህን ይዘው መጡና 'ለልጁ ስጡልኝ፤ መልሱን ከእሱ እጠብቃለሁ' አሉን። እስቲ ክፈተው።"

ከፈትኩት። የእንሰት ሥር ነው፤ ያ ብዙ ሰው አሚቾ የሚለው፣ የሰው ጭንቅላት የሚያክለው ድቡልቡል። ግንዱ ከላይ ተቆርጧል። መሃል እምብርቱ ደግሞ በቢላ ተቦርቡሮ ወጥቶ ጎድጓዳ ቀዳዳ ቀርቷል።

አለቃዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እንግዲህ ሰውየው አስተማሪ ናቸው፤ በምሳሌ ነው የተናገሩት። መሃሉ ባዶ ነው። ልባቸው አልፈቀደም ማለት ነው።"

"የተነቀለ፣ የተቆረጠ፣ ባዶ የተደረገ" አሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ። "ጌታ ሌላ ያዘጋጅልሃል ልጄ።"

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አጎቴም ጨመረ፤ ስለ ሌላ ቤተሰብ፣ ስለ ሌላ ልጅ መናገር ጀመረ። እኔ አልሰማውም። ጓሮ ወጥቼ ደወልኩላት።

"አባትሽ ምን ማለታቸው ነው?"

"አልነግርህም" አለች። "እንዳልረዳህ ቃል አስገብቶኛል።"

"ቢያንስ እሺ ነው እምቢ?"

"ፈተና ላይ ጎረቤት አይጠየቅም" ብላ ዘጋችው። ስትዘጋው ግን እየሳቀች ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባቷ እምቢ ያሉባት ልጅ እንዲህ ትስቃለች? ፈተና ያለችውስ ምንድን ነው? እዚያው ቆሜ ሳለ ከማድ ቤት የቢላ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ማሰሮ ጥዳለች።

"እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"አሚቾውን ልቀቅለው ነው እንጂ። ሰው ምግብ ልኮ እናንተ ለቅሶ ተቀመጣችሁ። ቃሪያ ወቅጬ በዳጣ ሲበላ እንዴት ይጣፍጣል መሰለህ።"

በዳጣ ሲበላ። ያ ክፍል መጣልኝ፤ የተሰበረው መስኮት፣ ሦስት ሆነን የምንቀመጥበት ዴስክ፣ የቲቸር ነጭ ጋዎን ሳይቀር። ትምህርቱ ያለ ዘር ስለሚባዙ ዕፅዋት ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምሳሌ ያደረገውም ስትሮበሪ የምትባል ተክል ነው። ቲቸር "ስትሮበሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" አሉ፤ ማን ያውቃል? "እኔም አላየሁም" ብለው መጽሐፉን ዘጉ። በቃል ፈተናው ቀን መሃሉ የተቦረቦረ የእንሰት ሥር ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እኔን አስነሱኝ።

"ይህን ምን ታደርገዋለህ?"

"ቀቅዬ በዳጣ እበላዋለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ግን አልሳቁም። እኔን ቁም ብለው መልሱን እያስተማሩ እኔኑ ያዩ ነበር፤ እንሰት መሃሉ እስካለ ድረስ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያድገው፣ ልጅ አይሰጥም። መሃሉ ወጥቶ ሥሩ ሲቀበር ግን በዙሪያው ችግኝ ያወጣል፣ ከአንድ ሥር ጓሮ ይሞላል። ያን ጊዜ የሰማሁት ደርቄ ቆሜ ነው፣ እፍረቴ ጆሮዬን ደፍኖት። ለካ ገብቶ ኖሯል።

"እማዬ፣ ቢላውን አስቀምጪ!"

ዘግይቻለሁ፤ አንዱ ጎኑ ተልጧል። እናቴ እጇ ላይ ያለውን ልጣጭ አየች፣ እኔን አየች፣ ያበድኩ መሰላት። ሥሩን ከእጇ ነጥቄ እንደ ሕፃን አቅፌ ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ገባሁ። እንዴት እንዳወራሁ አላውቅም፤ ስትሮበሪ እላለሁ፣ ፈተና እላለሁ፣ ችግኝ እላለሁ። "እምቢ አላሉም! ጥያቄ ነው የጠየቁኝ! ያንኑ ጥያቄ!" አጎቴ ነገሩ ሲገባው ግድግዳ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። አለቃዬ "እኛን ሽማግሌ ብለው አስቀምጠው የፈተና ወረቀት ነዋ ያሸከሙን" አለ።

ሥሩ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ሰነበተ። ከጎረቤት ፍግ ለምኜ በአጥራችን ጥግ ቆፈርኩ፣ ቀዳዳውን ሞልቼ ቀበርኩት። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ጓደኞቼ ዛሬም ያወሩታል። ሻይ ቤት መቅረት ጀመርኩ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አያለሁ፣ ለምሳ መጥቼ አያለሁ። የተላጠው ጎን እንቅልፍ ነሳኝ፤ በዚያ በኩል ቢበሰብስስ? መልሱን አውቄ በእናቴ ቢላ ልወድቅ ነው? አንድ ቀን አፈሩን በጣቴ ስጭር እናቴ ያዘችኝ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችና እጄን በመጥረጊያ እጀታ መታ አደረገችው። ከዚያ ቀን በኋላ እኔን ትጠብቅ ጀመር፤ ማሰሮ የጣደችበትን ነገር ረስታ አሁን የእንሰቱ ዘበኛ ሆነች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው በየእሑዱ በር ላይ ጨብጠውኝ በጆሮዬ "አወጣች?" ይሉኛል። እኔም "ገና" ብዬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ለማን ልንገር? ልጅቱ እንደሆነ ስለ እንሰት ካነሳሁ ስልኩን ትዘጋለች።

ዝናቡ መጣ። ሚያዝያ አለፈ። አንድ ጠዋት ጥርሴን እየፋቅሁ ወደ ጥጉ ሄድኩ፤ አፈሩ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ውስጥ ጣት የምታክል፣ ጥቅልል ያለች ቀላ ያለች ነገር ብቅ ብላለች። ከጎኗ ሌላ አለች። ዞሬ ሳይ በተላጠው ጎን ብቻ ባዶ ነው፤ በቀረው ዙሪያ ሁሉ አፈሩን እየገፉ ይወጣሉ። የጥርስ መፋቂያው ከአፌ ወደቀ። እንዲህ ያለ ደስታ በዲግሪዬ ቀን አላየሁም፣ እውነቴን ነው። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች፤ ሳትስቅ "አባዬን ይዤው ልምጣ?" አለች።

ቲቸር በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጃቸው ጋር መጡ። ለእናቴ "ሳሮ" ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ሰጧት፤ ቤት ግቡ ብትላቸው አልገቡም፣ ቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዱ። ቁጢጥ ብለው ችግኞቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሱ። የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ዙሪያዬን የከበቡ መሰለኝ።

"ይህን ምን ታደርገዋለህ?" አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

"እተክለዋለሁ፣ ቲቸር።"

"ዘገየህ" አሉ። ከዚያ እጃቸው ባዶው ጎን ላይ ቆመ። "ይህን በኩል ምን ነካው?"

እናቴን አየኋት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ሊቀቀል ነበር" አልኩ።

ቲቸር ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ልጃቸውም አብራ፣ እናቴም አብራ። ሲበርድላቸው እጃቸውን ያዝኩና አነሳኋቸው። ደስታው አፌን ስለፈታው የሻይ ቤቱን ንግግሬን አወጣሁት፤ "ቲቸር፣ ይሄስ ይሁን፤ ፓራቦላውስ ምን ያደርግልናል?"

"የሒሳብ አስተማሪህን ልጅ ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ ታውቀው ነበር" አሉኝ። በር ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው "ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው" አሉ።

ሠርጉ በቀጣዩ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ቲቸር መቆፈሪያና ቢላ ይዘው ከልጃቸው ጋር መጡ። ችግኞቹ ያን ጊዜ ጉልበቴን አልፈው ቅጠላቸው እርስ በርስ ይጋፋ ነበር።

"ዛሬ ሁለተኛው ክፍል ነው" አሉ። "ያን ጊዜ ደወል ተደወለና ሳላስተምራችሁ ቀረሁ።"

ሥሩን ዙሪያውን ቆፍረው አወጡት። እናትየዋ ሥር ከስታ ጠቁራለች፤ ያላትን ሁሉ ሰጥታለች። "ልጆቹ እዚሁ ከቆዩ አንዱም ወግ አይደርሰው" አሉ። "እየነጠሉ ራቅ አድርጎ መትከል ነው።" አንዷን ትልቋን ችግኝ ያዙና ቢላውን ከሥሯ አስገቡ። አልቆረጡም። እጃቸው እዚያው ቀረ። ስለ እሷ እንጂ ስለ እሳቸው ቤት አስቤ አላውቅም ነበር፤ እሷ ከወጣች ማታ ማታ ማን እንደሚኖርበት።

ልጃቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። "አባዬ፣ እኔ ልቁረጠው?"

"ተዪ" አሉ። "ይሄ የእኔ ሥራ ነው።"

ቆረጡት። ችግኟን ከነአፈሯ አንስተው በልጃቸው ሁለት እጅ ላይ አስቀመጡላት፣ የእኔን እጅ ስበው ከሥር አስያዙኝ። ከዚያ ፊታቸውን በክንዳቸው ጠርገው "ውሃ አታብዙባት" አሉን።