ከጎሉ የወጣው በረኛ

እርጥብ ከሰል በሸተተኝ ቁጥር ያ ሰኔ ይመለስብኛል። የተጀመረው ዓርብ፣ ሰኔ አንድ ቀን ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ የቀበሌያችን አዳራሽ ቆርቆሮ አሁንም አሁንም ጠብ ይላል፤ ውስጡ የረጠበ ጋቢና የጎማ ጫማ ይሸታል። ቴሌቪዥኑ የሚቀመጠው ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉን ሽማግሌው የአብዮት ጥበቃ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ይዞራሉ። ያን ዕለት ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሳጥኑን ከፈቱ። ሰማያዊው ብርሃን ፊታችን ላይ ፈሰሰ፤ የዓለም ዋንጫም ተጀመረ። ከዚያች ሰዓት በኋላ እንደ ልጅ ለመተኛት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ አቀርቅሬ የምቀር ልጅ ነበርኩ። በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ደብተር ዘርግቻለሁ። ከፊቱ የሒሳብ ትምህርት ነበረበት። ከኋላው ግን አርጀንቲናና ካሜሩን።

የምጽፈው ለራሴ አልነበረም። ወንድሜ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ከጓዳችን በላይ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ተደብቆ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል፤ ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። በዚያ ዓመት አፈሳው ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት በር፣ ከለቅሶ ቤት ሳይቀር ነበር። ሁለት የክፍሉን ልጆች ቅዳሜ ገበያ ላይ ጭነት ማኪና ላይ ሲወረውሯቸው በዓይኑ አይቶ እየሮጠ መጣ፤ የዚያን ቀን ወደ ላይ ወጣ፣ አልወረደም። ለጎረቤት «አዲስ አበባ፣ አጎቱ ዘንድ ሄደ» አልን። አባታችን አይከል ጤና ጣቢያ ስለሚሠራ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነበርን። ከተያዘ እሱ ወደ ግንባር፣ እናቴ ወደ እስር ቤት። ይህን እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ መድገም አላስፈለጋትም።

ወንድሜ ሙቀቱንም፣ አይጡንም፣ ጎንበስ ብሎ መኖሩንም ቻለ። ዋንጫውን አለማየት ግን አልቻለም።

«አንቺ ሂጂልኝ» አለኝ፣ አፉን ወደ ኮርኒሱ ቀዳዳ አስጠግቶ።

«እኔ? ያ ሁሉ ወንድ ባለበት?»

«ማን ያይሻል? አንቺን እኮ አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው እንኳ ሳያይሽ ነው ተነሥቶ የሚሄደው።»

ስድብ ይሁን ምስጋና አልገባኝም።

«ኳሱን ግን አትከተይ» አለ። «ኳሱን ሕፃን ልጅም ያየዋል። ኳስ የሌለውን ሰው እይ። ማን ቦታ እንደሚይዝ፣ ማን እንደደከመ፣ ማን እንደፈራ።»

እንዳለኝ አደረግኩ። በዚያ ዓርብ ዋንጫውን ይዛ የመጣችው አርጀንቲና በካሜሩን ተሸነፈች። ከካሜሩን አንዱ በቀይ ካርድ ወጥቶ በጎደሎ እየተጫወቱ ሳለ፣ ሌላው ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ ገጫት፤ ኳሷ ከበረኛው እጅ ሾልካ ገባች። አዳራሹ ፈነዳ። አንድ እግሩ አጭር የሆነው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ ሳመ። እኔ ግን ኳስ የሌለውን ሰው ስፈልግ ዓይኔ ከቴሌቪዥኑ ወረደ፤ ያን ጊዜ ሁለት ነገር አየሁ። አዳራሹ ውስጥ አንድም ጎረምሳ አልነበረም፤ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ጥቂት ሴቶች፣ ልብስ ሰፊው። ሁለተኛው ነገር፣ ሽማግሌው ጥበቃም ኳሱን አያዩም ነበር። እኛን ነበር የሚያዩት።

ማታ ማታ እናቴ ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀመች ትቀመጣለች፤ ሰው ከመጣ ልትስል። እኔ ጓዳ ውስጥ የእህል ጆንያ ላይ ቆሜ ለቀዳዳዋ አንሾካሹካለሁ። የኳስን ቃል ስለማላውቅ በማውቀው ቃል ነበር የምነግረው። «ስምንት ቁጥሩ ገበያ ወጥታ የመጣችበትን የረሳች ሴት ይመስላል፤ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ የሚገዛው የለም።» ከላይ ሳቁን በጋቢ ሲያፍነው ይሰማኛል። በማግስቱ፣ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የጠዋት ጨረር ሲገባለት፣ እዚያው አጠገቡ ካለው ጣውላ ላይ በከሰል ይጽፈዋል። ጣውላውን በመስመር ለሁለት ከፍሎታል፤ በአንዱ ወገን «የላቁ»፣ በሌላው ወገን «ያሳፈሩ»። ከሰሉ ጣውላው ላይ ጫር ጫር ሲል ከታች ሆኜ ማን የት እንደተጻፈ ለመገመት እሞክር ነበር።

ሶቪየት ኅብረት በሩማኒያ ሁለት ለባዶ ስትሸነፍ አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፕሬዚዳንቱን ፎቶግራፍ አየት አድርጎ ተነሣ። ወንድሜ «ያሳፈሩ» በሚለው ሥር ጻፋትና «ሌላ ወንጀል ቢያጡብኝ ይቺ ትበቃቸዋለች» አለ። ስኮትላንድ፣ በካርታ ላይ ፈልጌ በመከራ ባገኘኋት በኮስታሪካ ተሸነፈች፤ ለእሷም ከሶቪየት ጎን ቦታ ተሰጣት። ካሜሩን ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ከ«የላቁ» ወገን፣ ከሁሉም በላይ ነበረች። ዘግይተው የሚደረጉትን ጨዋታዎች የሰዓት እላፊ ስለነበረ አናያቸውም፤ ውጤታቸውን በማግስቱ ከሬዲዮ ነበር የምንሰማው።

አንድ ቀን ሽማግሌው ጥበቃ እናቴን ለስብሰባ ሊጠሩ ቤታችን ድረስ መጡ። ዱካ ላይ ተቀምጠው የጭልጋን ዝናብና የዘንድሮን ዘር እያወሩ ሳለ፣ ከላይ አንድ ነገር አስነጠሰ። ወዲያው፣ ገና ድምፁ ሳያልቅ፣ እናቴ አስነጠሰች። ደግማም አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አሉ ጥበቃው። ቆይተው ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ። «ሰኔ ሲገባ ጉንፋኑ ሰውን ሁሉ ያዘው።»

«ምን እናድርግ አያ፣ አቧራውም አለ» አለች እናቴ። የምስሩን ሰፌድ አንሥታ ማንገዋለል ጀመረች፤ ፍሬዎቹ እንደ ዝናብ ይንሿሹ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ሰኔ አሥራ ስድስት መጣ፤ ካሜሩንና ኮሎምቢያ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተጫውተው ባዶ ለባዶ ስለወጡ ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። ከዕረፍት በኋላ የገባው የካሜሩን ሽማግሌ አጥቂ፣ ሁሉም በእግሩ ሲጎተት እሱ እንደ ማለዳ ሰው ነበር። አንድ አገባ፤ ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ ሮጦ ወገቡን እያወዛወዘ ጨፈረ። ብዙም ሳይቆይ፣ ፀጉሩ የተንጨፈረረው የኮሎምቢያ በረኛ ጎሉን ጥሎ ወደ መሐል ወጣና ኳስ በእግሩ ሊያሳልፍ ሲል፣ ሽማግሌው አጥቂ ነጠቀው። ጎሉ ባዶ ነበር። በረኛው ከኋላ እየሮጠ ሲከተለው ፊቱን አየሁት። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራል።

«ዕድል ነው!» አለ ልብስ ሰፊው። «ሽማግሌ ሮጦ ሁለት ማግባቱ ዕድል ካልሆነ ምንድነው?»

«ጥፋቱ የዚያ የጠጉራም ነው! ቤቱን ክፍት ትቶ ጎረቤት የሚሄድ በረኛ የት አይታችኋል?» አለ ሌላው።

እንዴት ልንገራችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ሳልተነፍስ የተቀመጥኩት ልጅ፣ አፌ ሲከፈት ራሴው ሰማሁት።

«ዕድል አይደለም» አልኩ። «ሰኞ ዕለት በሶቪየት አራት ለባዶ የተሸነፉት ማለፋቸውን ስላወቁ ነው። ሽማግሌውን ለኋላ የሚያስቀምጡት ሌላው ሲደክም እሱ ትኩስ እንዲሆን ነው። ቅዳሜ ከዕረፍት በኋላ ገብቶ እሱ ነው የሚጨርሰው ብሎ ነበር እኮ ወንድሜ።»

ከዚያ ልብስ ሰፊው ሳቀ። «እሰይ! አፍ አላት ለካ! እውነትም የእሱ እህት!»

ጥበቃው የቴሌቪዥኑን ሳጥን ሊቆልፉ ቆመው ነበር። ቁልፉን ይዘው ዞሩ።

«ይህን መቼ ነው ያለሽ ልጄ?»

«በ… በደብዳቤ።»

«ሸጋ ነው። ሰኞ የሆነውን ጽፎ ከአዲስ አበባ ላከልሽ።» ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። «ምነው፣ ፖስታ በአምስት ቀን መድረስ ጀመረ እንዴ?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ የፖስታ ቤቱ መዘግየት የሁሉም መሳቂያ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ በዝናቡ ሮጥኩ። ከዚያ ምሽት የተነሣ፣ ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር መልሱን እያወቅኩ አንድ ቀን እጄን አላወጣሁም፤ መምህሮቼ ስንፍና ይመስላቸው ነበር።

እናቴ ስነግራት አልጮኸችም። «የሰዓት እላፊው ሊደርስ ስንት ቀረው?» ብቻ ነው ያለችው። ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተው ነበር።

ወንድሜ ከሁለት ወር በኋላ መሬት ረገጠ። እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት ግድግዳ ይዞ ቆመ፤ ጢም አብቅሏል፤ ጥላሸትና አይጥ ይሸታል። እናቴ የአባቴን ጋቢ አከናንባ፣ ዱላ አስይዛ፣ ከገበያ የመሸበት ገበሬ አስመሰለችው። በቀሐ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ፀዳ ከምትኖረው አክስታችን ቤት አድሮ፣ ከዚያ በእግሩ ወደ አባቴ፣ ወደ አይከል። ከአይከል ወዲያ ያለውን ማንም አልተናገረም፤ ሱዳን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የጫማውን ክር ሲያስር አጠገቡ ተንበረከክሁ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁ። ዝም ማለት አቃተኝ።»

«ጨዋታውን አልነገርሽኝም እኮ» አለኝ።

እያለቀስኩ ነገርኩት። የሽማግሌውን ጭፈራ፣ የበረኛውን ከጎል መውጣት፣ ባዶውን ጎል።

«በረኛውን ምን ብለሽ ጻፍሽው?»

«ያሳፈረ።»

ክሩን አጠበቀ። «እንደዚያ እየወጣ በመጫወቱ ነው እስከዚህ የደረሱት» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ብርድ ልብሴን ልያዝ» አለና አንዴ ወደ ላይ ወጣ። ከሚገባው በላይ ቆየ። እናቴ ልትጠራው ስትል ወረደ። ሊስመኝ ጎንበስ ሲል ጣቶቹ ጉንጬን በከሰል ነኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሩ ሲዘጋ እንኳ አልተሰማም።

ከወራት በኋላ ሱዳን ካለችው ገዳሪፍ አንዲት ደብዳቤ በነጋዴ እጅ መጣች። ደህና ነኝ ትላለች፤ ከግርጌዋ «ብራዚልን የት ጻፍሻት?» ይላል። አድራሻ አልነበራትም። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

እሱ በሄደ ማግስት፣ እሑድ ገና ሲነጋ፣ እናቴ «ውጪና አጽጂ» አለችኝ። ባልዲና ጨርቅ ይዤ ወደ ኮርኒሱ ወጣሁ። ይተኛበት የነበረው ሳር የሰውነቱን ቅርጽ እንደያዘ ነበር። በምስማሩ ቀዳዳ ጨረሩ ገብቶ ጣውላው ላይ አርፏል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የእኔን ቃል ሁሉ እንዳለ ነበር የጻፈው፤ «ስምንት ቁጥር፦ ገበያ ወጥታ የመጣችበትን የረሳች»፣ ሶቪየት፣ ስኮትላንድ። ከ«የላቁ» ወገን ግርጌ፣ ከካሜሩኑ ሽማግሌ ቀጥሎ፣ በጨለማ የተጻፈና መስመሩን የሳተ አንድ ቃል ነበር፤ «በረኛው»።

ፈርቼ ስለነበር ሁሉንም አጠብኩ። እሱንም አጠብኩት።

እንደወረድኩ የውጭው በር ተንኳኳ። ጥበቃው ከሁለት ወታደሮች ጋር ነበሩ። ለምን በዚያው ምሽት እንዳልመጡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አውቄ ልፈርድላቸውም ልፈርድባቸውም አልቻልኩም። ወታደሮቹ አልጋውን ገለበጡ፤ እሳቸው ጆንያው ላይ ወጥተው ራሳቸውን በቀዳዳዋ አስገቡ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። እናቴ እጄን ይዛ ነበር።

«ምነው እመቤት፣ በእሑድ ኮርኒስ ይታጠባል?» አሉ ከላይ።

«አይጥ አስቸገረን፣ አያ።»

ወረዱ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ የነካቸው ውሃ ጥቁር ነበር። እኔን አዩኝ። «የለም» አሉ ለወታደሮቹ፤ ወጡም።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ተመልሼ ወጣሁ። ጣውላው እየደረቀ ነበር፤ ሲደርቅም ከሰሉ ግራጫ ሆኖ እንደገና ብቅ እያለ ነበር፤ መጀመሪያ መስመሩ፣ ቀጥሎ ከግርጌ የተጻፈችው፣ በኃይል ተጭኖ የጻፋት ቃል። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከርኩ፤ ጨመቅሁት፤ አነሣሁት። ከዚያ ባልዲው አፍ ላይ መልሼ አኖርኩትና፣ እሱ በነበረበት ሳር ላይ፣ በእሱ ቅርጽ ውስጥ ተቀመጥኩ።