ዝናብ እስኪመጣ

ሚዛን ከተማ ውስጥ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ለከተማ ትምህርት ቤቶች ማሻሻያ የሚሰጥ ድጋፍ ለማግኘት ሊወዳደር ሲል ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። "ግጥም ትሞክር የለ? ማመልከቻውን አሳምርልን" አሉ። እሳቸው የፈለጉት አዲስ የግቢ በር ነበር። እኔ ኮርኒስ ብዬ ጻፍኩ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የአስተማሪ ድምፅ አይሰማም፤ እኛ ብዙውን ትምህርት ከንፈር እያየን ነው የጨረስነው።

"ለኮርኒስ ማን ብር ይሰጣል? በር እኮ ከመንገድ ይታያል!" ብለው ተቆጡ። ቢሆንም አልሰረዙትም።

ከድጋፍ ሰጪው የተላኩት ገምጋሚ የመጡት ፀሐይ በወጣበት ቀን ሆነ። አንድ ክፍል ገብተው፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና "አያፈስም፣ ደህና ነው" አሉ። ሾፌራቸው ከውጭ "እትዬ፣ ሳይዘንብ እንውጣ፣ በጭቃው አናልፍም" ይላል።

"ሳይዘንብ ከሄዱ ምንም አላዩም" አልኳቸው። ርዕሰ መምህሩ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። እኔ ግን ከክፍሉ በር ላይ አልተነሳሁም። "ያሉት ሚዛን ነው፤ ዝናቡ ብዙ አያስጠብቅዎትም።"

ገምጋሚዋ ሳቁና ከተማሪዎቹ መሀል ተቀመጡ። ሒሳብ አስተማሪው ስለ ክፍልፋይ ማስረዳት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ። አስተማሪው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የኋላ ወንበሮች ጨዋታ ጀመሩ።

ገምጋሚዋ ተነስተው አንድ ነገር ተናገሩ። ማንም አልሰማቸውም። ወደ ሰሌዳው ሄደው "ኮርኒስ የሚያስፈልገው ስንት ክፍል ነው?" ብለው ጻፉ። ተማሪዎቹ ባንድ ላይ ጮኸው መለሱ፤ እሳቸው ግን ጆሯቸውን ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠመኔውን ተቀብዬ ከሥሩ "ሁሉም" ብዬ ጻፍኩ።