የጋቢዬ ምስክርነት

ያላቆሸሽሁትን ማሽን አቆሸሽህ ብለው ከሥራ አባረሩኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም።

የመሬት ሽግሽጉ ማሳችንን ወስዶብን ከቡሬ አውቶቡስ ስሳፈር ፊደል አልቆጠርሁም ነበር። እናቴ የፈተለችውን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ፣ ብል እንዳይበላው የምታኖርበትን ነጭ ፍሬ ጫፉ ላይ እንደቋጠረች ሰጠችኝ። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን የፍሬው ሽታ አብሮኝ ተሻገረ፤ ፍሬው ሲያልቅ እናቴ በሰው ሌላ ትልክልኛለች።

ማንበብ የተማርሁት ጀርመን ገብቼ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው። እዚህ ፀሐይ አለች፣ አታሞቅም፤ ጎረቤት አለ፣ «ግባ» አይልም። አንድ የፊዚክስ ተቋም የማሽን ዕቃ አጣቢ አድርጎ ቀጠረኝ።

ሥራቸውን እኔ እንደማውቀው ልንገራችሁ። ከብረት ቱቦ አየሩን ሙልጭ አድርገው ያወጡና ቤንዝን የሚባል ነገር፣ የመኪናውን ቤንዚን አይደለም፣ በእንፋሎት ይለቁበታል። የቤንዝን ቅንጣት ስድስት ካርቦኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ቀለበት የቆሙባት ናት። እሷ ላይ አዮን ይተኩሳሉ፤ ኤሌክትሮኑን የተነጠቀ፣ እንደ ጥይት የሚበር አቶም ማለት ነው። አጠገቧን ታክኮ ካለፈ አንድ ኤሌክትሮን ነጥቋት ይሄዳል፤ ቀለበቷ ግን ብዙ ጊዜ አትፈርስም። መሀሏን ካገኛት ትበታተናለች። ያልፈረሰችውንም ስብርባሪውንም በሌላ ቱቦ ይነዱና በመድረሻ ሰዓቱ ክብደቱን ያውቃሉ፤ ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይዘገያል። አውድማ ላይ በመንሽ ላዘራ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል?

የቤንዝን ክብደት ሰባ ስምንት ነው። አንድ ቀን መቶ ሃያ ስምንት ወጣ፤ የናፍታሊን ክብደት፤ ማሽኑ ቆሽሿል ማለት ነው። የማሽኑ ኃላፊ የሆነው ፕሮፌሰር ልብስ መስቀያዬ ድረስ መጥቶ ጋቢዬን አሸተተ።

«ይህ ሽታ ምንድን ነው?»

«ናፍታሊን» አልሁት። ፍሬውን የፍኖተ ሰላም ባለሱቅ የሚሸጥልን በዚህ ስም ነው። በገዛ አፌ ታሰርሁ።

«ከነገ ጀምሮ እርስዎን አንፈልግዎትም።»

እዚህ አገር ሲያባርሩህም እርስዎ እያሉ ነው።

«አክብሮቱ ይቅርብኝና ጋቢዬን መዝኑልኝ» አልሁት።

«ጋቢ ማሽን ውስጥ አይገባም።»

«ሳትመዝኑት በምን ፈረዳችሁበት?»

በማግስቱ የስንብት ወረቀቱ ደረሰኝ። የፕሮፌሰሩ ተማሪ ኤልከ ግን አፍራ ኖሮ ጠራችኝ። ከጋቢው ጫፍ ክር ቆረጠች፣ ከፍሬውም ፋቅ አድርጋ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። መቶ አርባ ስድስት ወጣ። መቶ ሃያ ስምንት ላይ ባዶ። ቁጥሩን ከእሷ ቀድሜ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ለካ ባለሱቁ የሚሸጥልን ክሎሪን ያለበት ሌላ ነገር ኖሯል። እውነተኛው ናፍታሊን ከዓመት በፊት እነሱው ሲፈትኑት የቀረ ነው፤ ቱቦዎቹ በሚጋጠሙበት አንድ አሮጌ የጎማ ቀለበት ውስጥ ተደብቆ አገኙት።

ፕሮፌሰሩ «ይመለሱ» አለኝ፤ በቃል።

«ያባረራችሁኝ በወረቀት ነው» ብዬ ወጣሁ።

ለእናቴ ደወልሁ።

«እማ፣ ጋቢሽ መሰከረልኝ።»

«ቆረጡት ወይ?»

«ትንሽ ክር ነው።»

«የራሳቸው ክር የላቸውም?» አለች፤ ከኋላዋ የጋሪ ፈረስ ደወል ተሰማኝ። «ልጄ፣ ወረቀት ሳይሰጡህ እንዳትገባላቸው።»

መሬታችን የሄደው ማናችንም ባላነበብነው ወረቀት ነበርና ታውቀዋለች።

እኔም ወረቀቱ እስኪመጣ አልገባሁም። ጥፋቱ የእነሱ እንደሆነ የሚናገረው ደብዳቤ የደረሰኝ፣ ራሴ ከላይ እስከ ታች ያነበብሁት፣ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ በገብርኤል ዕለት ነው።